የሳንባ ሕዋስ ምግቡን የሚቀበለው በማን ትእዛዝ ነው? ስለ ሆርሞን መሰል መልእክተኞች የተጻፉትን ከደጎሎ ሆኖ መመዘን

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አዲስ ግኝት ለማቅረብ አይደለም። የሳንባ ሕዋስ ምግቡን ተቀብሎ ሥራውን እንዲሠራ ስለሚያዝዙት ሆርሞኖችና ሆርሞን መሰል መልእክተኞች ላለፉት ስድሳ ዓመታት ያህል ከተጻፉት ሥራዎች ዋና ዋናዎቹን መርምረን፣ የሚመሰገነውን ከሚነቀፈው ለይተን፣ ለአገራችን ወላድ ምን ያህል እንደሚበጁ ለመመዘን ነው። ሚዛናችንን የምንተክለው በደጎሎ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳውን ከለላ፣ ለጋሂዳና ወረኢሉ ያዋስኑታል። አገሩ ደጋ፣ መሬቱ በብዛት ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ዋልካው ውሃ ሲቋጥር የተዘራው ስንዴ ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያ ተሰጥቶት ሳለ ቢጫ የሚሆነው ምግቡ በውሃው ስለሚባክን ብቻ አይደለም፤ ሥሩ አየር አጥቶ የቀረበለትን መቀበል ስለሚሳነውም ጭምር ነው። ገበሬው ቦይ ቀዶ ውሃውን ሲያጠነፍፍለት ግን ያው ስንዴ በዚያው መሬት ላይ ይለመልማል። እንግዲህ የጃማ ገበሬ ምግብ መኖርና ምግብን መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከማናችንም አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። የምንመረምረው ጉዳይም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ማሳው የሕፃን ሳንባ መሆኑ ብቻ ነው።

በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ትንፋሽ በወጣ ቁጥር ተጨማትረው እንዳይጣበቁ የሚጠብቃቸው ሰርፋክታንት የተባለ ቅባት አለ። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ስብ ሲሆን የቀረው ፕሮቲን ነው። ይህን ቅባት የሚሠሩት የከረጢቱ «ሁለተኛ ዓይነት» የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው፤ ለሥራቸውም ስኳር፣ የስብ አሲድና ኮሊን ያስፈልጋቸዋል። ሥራው በደንብ የሚደራው በእርግዝና የመጨረሻ ሳምንታት ስለ ሆነ፣ ያለ ጊዜው የሚወለድ ሕፃን ቅባቱ ሳይዘጋጅለት ወደ አየር ይወጣል። ያን ጊዜ ያቃስታል፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጀሪ ሚድ የበሽታው ምክንያት የዚህ ቅባት ማነስ መሆኑን ያሳዩት በ1959 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1963፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ በሽታ ከተወለደ ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞተ። በጊዜው ሥልጣንም ሆነ ገንዘብ ሊያድነው አልቻለም፤ የጎደለው ዕውቀት ነበርና።

ዕውቀቱ የመጣው ከኒውዚላንድ ነው። ሊጊንስ የተባለው ሐኪም ለበግ ፅንሶች ግሉኮኮርቲኮይድ የተባለውን የሆርሞን ዓይነት ሲሰጥ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ግልገሎች ይተነፍሳሉ ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ ሲተነፍሱ አየና በ1969 ይህንኑ ጻፈ። በ1972 ከባልደረባው ከሃዊ ጋር በኦክላንድ 282 እናቶችን ይዞ ያደረገው ሙከራ ታተመ። ቤታሜታዞን የተሰጣቸው እናቶች ከወለዷቸው ሕፃናት የመተንፈስ ችግር ያገኛቸው በመቶ 9.0 ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው እናቶች የተወለዱት ግን በመቶ 25.8 ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱትም በመቶ 3.2 እና በመቶ 15.0 ነበሩ። ይህ ሥራ በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከሰንጠረዡ ቀጥሎ ያለውን ሐተታ የሚያነቡ ጥቂቶች ይመስሉናል። የመተንፈስ ችግሩ ልዩነት የታየው ከ32 ሳምንት በፊት በተወለዱት፣ እናታቸውም መድኃኒቱን ከወሊድ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ባገኘችላቸው ላይ ብቻ ነው። ይህን ሐተታ አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ደጎሎ ስንመለስ እንፈልገዋለንና።

ሆርሞኑ በሕዋሱ ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ ሙሉ ታሪክ ለመስጠት ከደከሙት መካከል ጆን ቶርዴይና ጓደኞቹ ይገኙበታል። በአይጥ ፅንስ ሳንባ ላይ ያደረጉት ምርምር እንዲህ ይላል። ሁለተኛው ዓይነት ሕዋስ ሲወጠር የፓራታይሮይድ ሆርሞን ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ይልካል። መልእክቱ የሚደርሰው በጎረቤት ወዳለው፣ ፋይብሮብላስት ወደሚባለው ሕዋስ ነው። ጎረቤቱ መልእክቱን ሲቀበል ከደም ስብ ይስባል፤ ጠብታ አድርጎም ያጠራቅማል። ቀጥሎ ሁለተኛው ዓይነት ሕዋስ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለውን ሌላ መልእክተኛ ሲልክ ጎረቤቱ ያጠራቀመውን ስብ ይለቅለታል። ከስቡም ጋር ሌፕቲን የተባለውን ይልክና ቅባቱን እንዲሠራ ያነቃቃዋል። እንግዲህ አንዱ ቤት ጎተራ፣ ሌላው ቤት ወፍጮ ሆነው በመልእክተኛ እየተጠራሩ ይኖራሉ ማለት ነው። እነዚህ መልእክተኞች እንደ ታወቁት ሆርሞኖች ከሩቅ ዕጢ ተነሥተው በደም የሚጓዙ ሳይሆኑ፣ እዚያው ከጎረቤት ለጎረቤት የሚላላኩ በመሆናቸው ሆርሞን መሰል መባላቸው ተገቢ ነው።

ታሪኩ ያማረ ነው። ነገር ግን ማማሩ ራሱ ሊያስጠነቅቀን ይገባል። የምንነቅፈው ሦስት ነገር አለ።

አንደኛው በመለካት ላይ ነው። በዚህ መስክ በብዙ ሥራዎች የተለመደው ዘዴ፣ ምልክት የተደረገበት ኮሊን ወይም የስብ አሲድ ለሕዋሱ ሰጥቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምን ያህሉ በቅባቱ ውስጥ እንደ ተገኘ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር «ሆርሞኑ ሕዋሱ ምግቡን እንዲቀበል አደረገው» ይባላል። ይህ አነጋገር ሦስት ነገሮችን ያደባልቃል። እህል ወደ ጎተራ መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ መፈጨቱ ሌላ ነው፤ እንጀራ ሆኖ ለገበታ መቅረቡ ደግሞ ሦስተኛ ነው። በገበታው ላይ እንጀራ በዛ ተብሎ በሩ ሰፋ ሊባል አይችልም፤ ወፍጮው ፈጥኖ ሊሆን ይችላልና። በእርግጥም ግሉኮኮርቲኮይድ በፅንስ ሳንባ ውስጥ ስብ የሚሠራውን ኢንዛይምና ኮሊንን ወደ ቅባት የሚያሸጋግረውን ኢንዛይም ኃይል ከፍ እንደሚያደርግ ተረጋግጧል። ስለዚህ የዚህ ሆርሞን ዋና ሥራ በሩን ከመክፈት ይልቅ ወፍጮውን ማፍጠን ይመስላል። የፋይብሮብላስቱ ታሪክ ግን በእውነት ስለ በሩና ስለ ጎተራው የሚናገር ነው። ሁለቱን «ምግብ መቀበል» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ መጥራት ተማሪውን ያሳስታል።

ሁለተኛው ከእንስሳ ወደ ሰው በሚደረገው ዝላይ ላይ ነው። ስብ የሚያጠራቅመው ፋይብሮብላስት በአይጥ ሳንባ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በሰው ሳንባ ውስጥ ምን ያህል እንዳለና ያንኑ ሥራ ይሠራ እንደ ሆነ ግን በሊቃውንቱ መካከል ገና ክርክር አለ። በእንስሳ ላይ ያማረው ሁሉ በእናት ላይ እንደማያምር ደግሞ ምስክር አለን። የታይሮይድ ሆርሞን የእንስሳትን ፅንስ ሳንባ እንደሚያበስል በመታመኑ፣ ይህን ዕጢ የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን ከግሉኮኮርቲኮይድ ጋር አዳብሎ መስጠት ተሞከረ። በአውስትራሊያ ከ1,200 በላይ እናቶች የተካፈሉበትና ውጤቱ በ1995 የታተመው ትልቅ ሙከራ ግን ጥቅም ሳይሆን ጉዳት አሳየ፤ የሕፃናቱ የመተንፈስ ችግር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሕዋስ በብልቃጥ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሰማል። በማኅፀን ያለ ፅንስ ግን ብዙ ትእዛዞችን በአንድ ጊዜ ይሰማል።

ሦስተኛው ትእዛዞቹ እርስ በርሳቸው መጋጨታቸውን ስለ መዘንጋት ነው። ኢንሱሊን በተለምዶ የምግብ በር ከፋች ተብሎ ይመሰገናል። ነገር ግን በ1975 የታተመ ሥራ፣ በፅንስ ሳንባ ሕዋሳት ላይ ኮርቲሶል ከኮሊን ቅባት እንዲሠራ የሚያዝዘውን ትእዛዝ ኢንሱሊን እንደሚሽረው አሳይቷል። በ1976 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የስኳር በሽታ ያለባቸው እናቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት ለዚህ የሳንባ በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘው። ምግብ የተትረፈረፈለት ፅንስ ሳንባው ሳይበስል ይቀራል ማለት ነው! እንግዲህ ብዙ መቀበል ደህና መቀበል አይደለም።

ግጭቱ ከወሊድ በኋላም ይቀጥላል። በአሜሪካ በተደረገውና በ2016 በታተመው ሙከራ፣ ቀኑ ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ፅንስ እናት ቤታሜታዞን ሲሰጥ የሕፃኑ የመተንፈስ ችግር ቀነሰ። በአንጻሩ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር መጠን የወረደባቸው ሕፃናት በመቶ ከ15.0 ወደ 24.0 ከፍ አሉ። ሳንባን የሚጠቅመው ትእዛዝ የደሙን ስኳር አወረደ። በትልቅ ሆስፒታል ነርሷ ተረከዙን ወግታ ስኳሩን ትለካለች፤ ጉዳቱም ይታረማል። እንገሩ ታልቦ በሚደፋበትና አራስ ልጅ ቅቤ በሚውጥበት ቤት ግን ይህ ሕፃን ምን ይሆናል? መጽሐፎቹ ስለዚህ ቤት አልተጻፉም።

እስካሁን የተናገርነው የቤተ ሙከራ ክርክር ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ቢኖር፣ ክርክሩ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑን ሁለት ሥራዎች ያስረዱታል። «ሆርሞኑ ሳንባ ያበስላል፤ ስለዚህ በየገጠሩ ይሰጥ» በሚል ሐሳብ በአርጀንቲና፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ገጠሮች ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2015 ታተመ። ወደ 100,000 የሚጠጉ ልደቶች ተቆጥረዋል። መድኃኒቱ እንዲስፋፋ በተደረገባቸው ቀበሌዎች፣ ይጠቀማሉ የተባሉት እጅግ ትናንሽ ሕፃናት ሞት በሚታይ መጠን አልቀነሰም፤ ከ1,000 ውስጥ 225 ሲሞቱ በሌላው ወገን 232 ሞተዋል። ሕፃናቱ በጠቅላላ ሲቆጠሩ ግን ከ1,000 ውስጥ 27.4 ሞቱ፤ መድኃኒቱ ባልተስፋፋበት የሞቱት 23.9 ነበሩ። በእናቶቹም ላይ ኢንፌክሽን የተጠረጠረው በዚያው ወገን በዝቶ ነው። ቀኑ የሞላውን ፅንስ ካልሞላው ለይቶ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ደካማ ስለ ነበር፣ መድኃኒቱ ለማያስፈልጋቸው ብዙዎች ደርሷል።

በ2020 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ሙከራ ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረ። በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በሚገኙ 29 ሆስፒታሎች፣ 2,852 እናቶች ተካፍለውበት፣ ዴክሳሜታዞን ከተሰጣቸው እናቶች ሕፃናት በመቶ 19.6 ሲሞቱ ካልተሰጣቸው በመቶ 23.5 ሞቱ። የእናቶች ኢንፌክሽንም አልጨመረም። መድኃኒቱ ያው የግሉኮኮርቲኮይድ ወገን ነው፤ የሕዋሱም በር ያው በር ነው። የተለየው በመርፌው ዙሪያ ያለው ነገር ነው፤ የእርግዝናው ሳምንት በእርግጥ ታውቋል፤ ኢንፌክሽን ያለባት እናት ተለይታለች፤ ሕፃኑም ከተወለደ በኋላ የሚያሞቀው፣ የሚያጠባውና የሚያስተነፍሰው አግኝቷል። ስለዚህ ሁለቱ ሙከራዎች የሚጣሉ ቢመስሉም አይጣሉም። በአንድነት ሲነበቡ፣ መልእክተኛ ብቻውን ቤት እንደማያቆም ይመሰክራሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከሐምሌ 2016 እስከ ግንቦት 2018 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2019 የታተመው ጥናት ከምናውቃቸው ሥራዎች ሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ነው። ለሕክምና ከተኙት 3,852 ሕፃናት 1,109 በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ከሞቱትም በመቶ 45 የሚሆኑትን የገደለው ይኸው የሳንባ ቅባት ማነስ ነው። በመቶ 30 የሚሆኑት በኢንፌክሽን፣ በመቶ 14 የሚሆኑት በወሊድ ጊዜ በመታፈን ሞተዋል። ተመራማሪዎቹ ከ400 በላይ ለሆኑት የአስከሬን ምርመራ እስከ ማድረግ መድረሳቸው፣ ይህም በአገራችን ባህል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ታላቅ ምስጋና የሚገባው ነው። ልጃቸውን አጥተው ሳለ ምርመራውን ለፈቀዱት ወላጆችም ምስጋናው የበለጠ ይገባቸዋል።

ነገር ግን ከዚሁ ጥናት ውስጥ ለእኛ እጅግ የከበደው ቁጥር ሌላ ነው። ሞቱን ካገዙት ምክንያቶች የመጀመሪያው ብርድ ነበር፤ ከሞቱት በመቶ 69 በሚሆኑት ላይ ታይቷል። ይህ ስለ ሕዋስ ምግብ የምንናገረውን ሁሉ ይነካል። የበረደው አራስ ያለችውን ጥቂት ስኳርና ስብ ሰውነቱን ለማሞቅ ያቃጥላታል፤ ቅባት የሚሠራውም ሕዋስ በብርድ ይደክማል። እንግዲህ ብርድ ከበሩም ከወፍጮውም ላይ እጁን ያሳርፋል ማለት ነው። በአምስቱ ትልልቅ ሆስፒታሎች እንዲህ ከሆነ፣ በጃማ ደጋ ሌሊት ከቤት ለሚወለደው ሕፃን ምን ሊባል ነው? ከአምስቱ ሆስፒታሎች በወሎ ምድር ያለ አንድም እንደሌለ እዚህ ላይ ማስታወስ ግድ ይሆናል። የደጎሎ ልጅ በቁጥሩ ውስጥ አልተቆጠረም።

የሌላውን አገር መጠን ለራሳችን አንስፋው የምንለው በከንቱ አይደለም። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን ስለ በዛ፣ የደጋ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው ሲባል ኖሯል። በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢልና የጓደኞቿ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ይህ ሕግ እንደማይሠራ አሳየ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር፤ ደማቸውም በመቶ 95.3 ኦክስጅን ተሞልቶ ተገኘ። ከዚህ ተነሥቶ የወሎ ደጋ ፅንስ ሳንባም እንዲህ ነው ማለት ያንኑ ስሕተት መድገም ነው፤ ደጎሎም የአምባራስን ያህል ከፍ ያለች አይደለችም። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ የራሳችንን ተራራ ራሳችን እንለካ የሚል ነው። በኒኮቲን ላይ የተደረገውን የአይጥ ሙከራ ይዞ የኩበት ጭስ እንዲሁ ያደርጋል ብሎ መጻፍም ከዚሁ ስሕተት አይወጣም።

አንድ ተቃውሞ ሊቀርብብን እንደሚችል እናውቃለን። «ከመቶ ሟቾች 45ቱ በሳንባ ቅባት ማነስ እየሞቱ ሳለ መጠበቅ ጭካኔ አይደለምን? መርፌው ርካሽ ነው፤ በየጤና ኬላው ይቀመጥ» የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ከርኅራኄ የተነሣ በመሆኑ እናከብረዋለን። ነገር ግን የ1972ቱን ሐተታ እናስታውስ፤ መርፌው ጊዜ ይፈልጋል። ምጥ ይዟት ሸለቆ ተሻግራ የምትመጣ እናት ያን 24 ሰዓት የምታገኘው አስቀድሞ ከታሰበላት ብቻ ነው። ደግሞም እርግዝናዋን ከጥምቀት ወይም ከረመዳን ወዲህ ብላ ለምትቆጥር እናት፣ ፅንሱ 30 ሳምንት ይሁን 36 በማን ይታወቃል? ሳይታወቅ የሚሰጥ መርፌ ምን እንደሚያመጣ የ2015ቱ ቁጥር ነግሮናል። ርኅራኄ ብቻውን ማስረጃን ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ ፍርዳችን የሚከተለው ነው። ስለ መልእክተኞቹ የተጻፈው ሳይንስ በመሠረቱ እውነት ነው፤ በአነጋገሩ ግን ከማስረጃው አልፎ ይሄዳል። ተማሪው መግባትን፣ መፈጨትንና መጋገርን ለይቶ ይጠይቅ፤ አይጥ ይሁን ሰው፣ ብልቃጥ ይሁን ማኅፀን ሳይለይ አይቀበል። ሐኪሙና የጤና ሹሙ ደግሞ መርፌውን ብቻውን ወደ እናቲቱ ከመላክ ይልቅ፣ እናቲቱን በጊዜ መርፌው ወደሚገባበት ሥፍራ ማምጣትን ያስቀድሙ። የእርግዝናው ሳምንት ገና በጠዋቱ በአልትራሳውንድ ይታወቅ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው ምክር እነዚህን የመሰሉ ሁኔታዎች መሟላታቸውን ይጠይቃል።

እስከዚያው ድረስ ግን ቤተ ሙከራ የማይጠይቅ፣ በደጎሎም በመካነ ሰላምም ዛሬ የሚቻል ነገር አለ። ትንሹን ልጅ ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቆ ማሞቅ፣ እንገሩንም ሳይደፉ ማጥባት ነው። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተደረገውና በ2021 የታተመው ሙከራ፣ ከተወለደ ጀምሮ በእናቱ ደረት ላይ የዋለው ትንሽ ሕፃን የመሞት ዕድሉ በመቶ ከ15.7 ወደ 12.0 እንደሚወርድ አሳይቷል። ይህ ሥራ በሆስፒታል የተደረገ መሆኑን አንዘነጋም፤ በሌላው የነቀፍነውን ዝላይ በራሳችን ላይ ልንፈቅድ አይገባምና። ሆኖም የእናት ገላ ሙቀት እንደ መርፌው ሳምንት ቆጥሮ የሚሰጥ አይደለም፤ ቀኑ ለሞላውም ለአልሞላውም ሕፃን ይበጃል።

የጃማ ገበሬ ማዳበሪያውን ከመበተኑ በፊት ውሃውን ያጠነፍፋል። እኛም ስለ ሳንባ ሕዋስ የምንማር ሁሉ፣ መልእክተኛውን ከማመስገናችን በፊት መልእክቱ የሚደርስበትን ቤት እንድንመለከት እናሳስባለን።